ጆን ኦዶኖቫን

ጆን ኦዶኖቫን (በአየርላንድኛ ሾን ኦ ዶናቫን፣ 1806 – 1861 እ.ኤ.አ.) የአየርላንድ ቋንቋ፣ የቦታ ስሞችና የዘር ሐረግ ሊቅ ነበረ። በዘመኑ በእንግሊዝ መንግሥት በተሠራው ታላቁ የአየርላንድ ካርታ ላይ ከ60,000 በላይ የሆኑ የመሬት ክፍሎች ስም እንዴት እንደሚጻፍ በማጥናት፣ የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞችን አመጣጥ በመመርመርና «የአራቱ መምህራን ዜና መዋዕል» የተባለውን ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ተርጉሞ በማሳተም ይታወቃል። ዛሬ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ ወይም በብሪታንያ ሆነው የአየርላንድ አያቶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ እርሱ በወሰነው የስም አጻጻፍ ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል የአገሩ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ በካርታ ላይ እንዲሰፍሩ ያገለገለውም እርሱ ነው። ስለዚህ ሥራው እስከ ዛሬ ድረስ ምስጋናም ወቀሳም ያስነሣል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ኦዶኖቫን በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ በኪልኬኒ ካውንቲ፣ አታቲሞር በተባለች የገጠር ስፍራ ተወለደ። አባቱ ኤድመንድ ገበሬ ነበረ። በዚያን ጊዜ በአካባቢው አየርላንድኛም እንግሊዝኛም ይነገር ስለ ነበር ልጁ ሁለቱንም ይዞ አደገ። አባቱ በ1817 ሲሞት የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ለጥንት ነገር ያለውን ፍቅር ያሳደረበት አጎቱ ፓትሪክ እንደ ሆነ ይነገራል። ፓትሪክ የአገሩን ታሪክና የቤተሰቦችን ትውልድ በቃል የሚያውቅ ሰው ነበረና፣ ልጁ መጽሐፍ ከማግኘቱ በፊት የዘር ቆጠራን ከእርሱ አፍ ሰማ።

የቤተሰቡ ስም ራሱ የስደት ታሪክ ነበረው። ኦ ዶናቫን ማለት የዶናቫን ተወላጅ ማለት ነው። ዶናቫን በ10ኛው መቶ ዓመት በዛሬው የሊምሪክ ካውንቲ አካባቢ የገዛ አለቃ ነበረ። ኖርማኖች በ12ኛው መቶ ዓመት አየርላንድን ከወረሩ በኋላ ተወላጆቹ ከሊምሪክ ተገፍተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ ኮርክ ሄዱ። ስማቸውን ግን ይዘው ሄዱ። የኪልኬኒው ገበሬ ልጅ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ የመረመረው ነገር ይኸው ነው፦ መሬቱን ያጣ ሕዝብ በስሙ ምን ይዞ እንደሚሄድ።

ወደ ደብሊን

በ1823 ታላቅ ወንድሙ ማይክል ወደ ደብሊን ወሰደው፤ በዚያም ላቲን ተማረ። ከ1820ዎቹ አጋማሽ በኋላ የታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ሃርዲማን ቀጠረውና የቆዩ የአየርላንድኛ ሰነዶችንና የብራና ጽሑፎችን መገልበጥ ጀመረ። ይህ ሥራ የድሮውን የእጅ ጽሕፈትና በየዘመኑ የተለዋወጠውን የቋንቋ አጻጻፍ እንዲያነብ አሠለጠነው። በ1828 ቶማስ ላርኮም የተባለ ወጣት የእንግሊዝ ሠራዊት መኮንን አየርላንድኛ ለመማር ፈለገ፤ መምህሩም ኦዶኖቫን ሆነ። ላርኮም የአየርላንድን ካርታ ይሠራ በነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ ኃላፊነት ነበረው። መምህሩ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1830 በዚያው መሥሪያ ቤት የተቀጠረው በዚህ ትውውቅ ነበር።

የስድስት ኢንች ካርታ

የእንግሊዝ መንግሥት በ1824 አየርላንድ በሙሉ እንድትለካ ያዘዘው ስለ ስሞች ተጨንቆ አልነበረም። ዓላማው ግብር ነበር። የአካባቢ ግብር በትክክል እንዲከፋፈል የእያንዳንዱ መሬት ስፋትና ወሰን መታወቅ ነበረበት። ስለዚህ በኮሎኔል ቶማስ ኮልቢ መሪነት የሠራዊቱ መሐንዲሶች በምድር ላይ ያለው አንድ ማይል በወረቀት ላይ ስድስት ኢንች የሚሆንበት ካርታ መሥራት ጀመሩ። የመጨረሻዎቹ የካርታ ገጾች በ1846 ወጡ።

የካርታው መሠረት «ታውንላንድ» የሚባለው የመሬት ክፍል ነበር። ታውንላንድ ጥቂት የእርሻ ቦታዎችን ብቻ የሚይዝ፣ ከጥንት የመጣና የራሱ ስም ያለው ትንሽ ክፍል ሲሆን በአየርላንድ ቁጥሩ ከ60,000 ይበልጣል። ስሞቹ በአብዛኛው አየርላንድኛ ነበሩ። መሐንዲሶቹ ደግሞ ቋንቋውን አያውቁም ነበር፤ አንዱን ስፍራ ሦስት ወይም አራት ዓይነት አድርገው ይጽፉት ነበር። ኦዶኖቫን የተቀጠረው ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

በደብሊን ግሬት ቻርልስ ጎዳና በሚገኘው በሠዓሊውና በቅርስ አጥኚው ጆርጅ ፔትሪ ቤት ውስጥ አንድ አነስተኛ ክፍል ተቋቋመ። በዚያ ከኦዶኖቫን ጋር የክሌር ካውንቲ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ዩጂን ኦካሪና ባለቅኔው ጄምስ ክላረንስ ማንጋን ይሠሩ ነበር። ኦዶኖቫንና ኦካሪ ሁለት እኅትማማቾችን ስላገቡ ዋርሳ ነበሩ፤ ኦዶኖቫን በ1840 ሜሪ አን ብሮተንን አገባ።

የአሠራሩ ዘዴ

ኦዶኖቫን ከ1834 እስከ 1841 ባሉት ዓመታት አብዛኞቹን የአየርላንድ ካውንቲዎች ዞረ፤ ብዙውን ጊዜ በእግሩና በዝናብ ይጓዝ ነበር። አሠራሩ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያ በእያንዳንዱ ስም ሥር ከቆዩ የመሬት ሰነዶች፣ ከግብር መዝገቦችና ከአሮጌ ካርታዎች የተገኙትን የአጻጻፍ ዓይነቶች ይሰበስባል። ቀጥሎ ወደ ስፍራው ሄዶ አየርላንድኛ ተናጋሪ ሽማግሌዎችን ፈልጎ ስሙን እንዴት እንደሚጠሩት ይሰማል። በመጨረሻም የስሙን የአየርላንድኛ መልክና ትርጉም ጽፎ፣ በካርታው ላይ የሚሰፍረውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይወስናል። ይህ ሁሉ «የስም መጽሐፍ» በተባሉ ደብተሮች ላይ ተመዘገበ።

እንግሊዝኛውን ሲወስን ከተቻለ ወደ አየርላንድኛው ድምፅ የቀረበውን መረጠ። ለምሳሌ መኖሪያ ወይም ሰፈር ማለት የሆነው «ባሌ» በእንግሊዝኛ «ባሊ»፣ ቤተ ክርስቲያን ማለት የሆነው «ኪል» ደግሞ እንዳለ «ኪል» እየተባለ በመላ አገሪቱ በአንድ ዓይነት ተጻፈ። ትርጉሙ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ጠፋ፤ ድምፁ ግን ቀረ።

ከየደረሰበት ለላርኮም ደብዳቤ ይልክ ነበር። እነዚህ ደብዳቤዎች ከቦታ ስም አልፈው በየስፍራው የትኛው ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ እንደ ኖረ፣ ማን እንደ ተነቀለ፣ ፍርስራሹ ቤተ መንግሥት የማን እንደ ነበረ ይዘግባሉ። አንዳንድ ጊዜም ስለ መጥፎ ማደሪያና ስለ እርጥብ ልብስ ይቀልዳሉ። በሕይወቱ ሳለ አልታተሙም። ቄስ ማይክል ኦፍላናጋን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በታይፕ አስገልብጦ ለአንባቢ አዳረሳቸው።

የቤተሰብ ስሞች ጥናት

በጉዞው ያየው ነገር ወደ ቤተሰብ ስሞች መራው። በ1841 ፔትሪ ያዘጋጀው በነበረው «አይሪሽ ፔኒ ጆርናል» በተባለ ርካሽ የሕዝብ መጽሔት ላይ ስለ አየርላንድ የቤተሰብ ስሞች አመጣጥና ትርጉም ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ።

በአየርላንድ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ሰው በጥንት ጊዜ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ የአባት ስምም በየትውልዱ ይለወጥ ነበር። ከ10ኛውና ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን የአንድ አያት ስም ለተወላጆቹ ሁሉ ቋሚ ስም እየሆነ ሄደ። በስሙ ፊት የሚመጣው «ማክ» ልጅ፣ «ኦ» ደግሞ የልጅ ልጅ ወይም ተወላጅ ማለት ነው። በአየርላንድ ሁለቱም የተለመዱ ሲሆኑ በስኮትላንድ በብዛት የሚታየው «ማክ» ነው። በ1014 የሞተው ንጉሥ ብራያን ቦሩ ሕዝቡ ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ በአዋጅ እንዳዘዘ የሚናገር ትውፊት ነበረ። የትውልድ መዛግብት ሲነጻጸሩ ግን አንዳንዱ ስም ከብራያን በፊት፣ ሌላው ከእርሱ በኋላ መጽናቱ ይታያል። ልማዱ በአንድ ቀን አልመጣም።

ስሞቹ የተበላሹት በኋላ ነው። በ1465 የወጣ ሕግ በደብሊን ዙሪያ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበሩ አየርላንዳውያን ከከተማ፣ ከቀለም፣ ከእጅ ሥራ ወይም ከሹመት የተወሰደ የእንግሊዝኛ ስም እንዲይዙ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ስሞች በሦስት መንገድ ተለወጡ። አንዳንዶቹ በድምፃቸው ብቻ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጻፉ። አንዳንዶቹ ተተረጎሙ፤ የቀጥቃጭ ልጅ ማለት የሆነው «ማክ ኢን ጋወን» በአንዱ ስፍራ ማክጋወን ሲባል በሌላው ስሚዝ ሆነ። ሌሎቹ ደግሞ በስሕተት ተተረጎሙ፤ በጎልዌይ ካውንቲ «ማክ ኮንሪ» የተባለው ስም መጨረሻው ንጉሥ የሚለውን ቃል ስለሚመስል ብቻ ብዙዎች ኪንግ ተባሉ። በዚህ ላይ «ማክ» እና «ኦ» እየተጣሉ ስለ ሄዱ አባትና ልጅ እንኳ በተለያየ ስም የሚመዘገቡበት ጊዜ ነበረ።

ከስኮትላንድ የመጡ ስሞች

የስም ጥናቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የአየርላንድና የስኮትላንድ ግንኙነት ነበር። ሁለቱን አገሮች በሰሜን የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ነውና ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ሲሻገር ኖሯል። የጌይሊክ ቋንቋ ወደ ምዕራብ ስኮትላንድ የገባው በጥንት ዘመን ከአየርላንድ በተሻገሩ ሰዎች ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ደግሞ ጉዞው ወደ ኋላ ዞረ። «ጋሎግላስ» የተባሉ ከባድ መሣሪያ የታጠቁ ቅጥር ወታደሮች ከምዕራብ ስኮትላንድ መጥተው የአየርላንድ አለቆችን አገለገሉ፤ መሬት ተሰጥቷቸውም ቀሩ። ዛሬ ፍጹም የአየርላንድ ስም የሚመስለው ስዊኒ ከስኮትላንድ አርጋይል ወደ ዶኒጎል የተሻገረ የጋሎግላስ ቤተሰብ ስም ነው። ማክዶኔልም እንዲሁ ነው።

ከ1609 በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን አየርላንድ በአልስተር ከአገሬው አለቆች የተወረሰውን መሬት ለስኮትላንድና ለእንግሊዝ ሰፋሪዎች አደለ። ከእነዚህ ሰፋሪዎች ልጆች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት በ18ኛው መቶ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚህ መካከል የአገሬውና የሰፋሪው ስሞች ተደባለቁ። በታይሮን ካውንቲ የነበሩት የአየርላንድ ተወላጆች «ማክ ካህቪል» ስማቸው በእንግሊዝኛ ካምቤል ተብሎ ስለ ተጻፈ ከስኮትላንዶቹ ካምቤሎች ጋር በወረቀት ላይ አንድ ሆኑ። በምዕራብ አየርላንድም ማክ ፊርቢስ የተባሉት ጥንታዊ የታሪክ ጸሐፊዎች ቤተሰብ ስሙ ፎርብስ ሆነ፤ ፎርብስ ግን የታወቀ የስኮትላንድ ስም ነው።

እንግዲህ በቦስተን ወይም በግላስጎ የሚኖር ስሚዝ ወይም ካምቤል ከየት እንደ መጣ ስሙ ብቻውን አይናገርም። የሚለየው አያቶቹ የኖሩበት ስፍራ ሲታወቅ ነው። የኦዶኖቫን ሥራ ዋና ጥቅምም በዚህ ላይ ነው፤ ስምን ከመሬቱ ነጥሎ አላጠናም።

የዘር ሐረግ መጻሕፍትና ዜና መዋዕሉ

በ1840 የአየርላንድ አርኪዮሎጂ ማኅበር ሲመሠረት ኦዶኖቫን ከዋነኞቹ አዘጋጆች አንዱ ሆነ። በ1843 በጎልዌይና በሮስኮመን ዙሪያ ስለ ኖሩት ስለ ሃይ ሜኒ፣ በ1844 ደግሞ በሜዮና በስላይጎ ስለ ኖሩት ስለ ሃይ ፊያክራክ ነገዶች የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን ከትርጉምና ከሰፊ ማብራሪያ ጋር አሳተመ። በሁለተኛው መጽሐፍ በተለይ የተጠቀመው በድቫልታክ ማክ ፊርቢስ ሥራ ነበር። ማክ ፊርቢስ በጦርነት መካከል በ1649ና በ1650 በጎልዌይ ከተማ ተቀምጦ ታላቁን የዘር ሐረግ መጽሐፍ የጻፈ፣ ትውልድ መቁጠርን ከአባቶቹ ከወረሱት የመጨረሻ ሊቃውንት አንዱ ነበረ። በ1671 በስላይጎ ተገደለ።

ኦዶኖቫን በማብራሪያዎቹ የጥንቱን ስም ጠቅሶ አያልፍም። ያ አለቃ ዛሬ ተወላጅ አለው ወይ፣ ካለስ የት ይኖራል የሚለውን ይጨምራል። ብዙ ጊዜ መልሱ ተወላጁ በአያቶቹ ርስት ላይ ድሃ ጭሰኛ ሆኖ መገኘቱ ነበር።

በ1845 የአየርላንድኛ ሰዋስው መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ በኋላ ትልቁ ሥራው ተከተለ። «የአራቱ መምህራን ዜና መዋዕል» በዶኒጎል ከ1632 እስከ 1636 በሚካኤል ኦ ክሌሪና በጓደኞቹ የተጠናቀረ ሲሆን ከጥፋት ውኃ ዘመን ጀምሮ እስከ 1616 ያለውን ታሪክ ዓመት በዓመት ይተርካል። ኦዶኖቫን ዋናውን ጽሑፍና የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ጎን ለጎን አድርጎ ከ1848 እስከ 1851 አሳተመ፤ ማውጫውን ጨምሮ ሰባት ጥራዝ ሆነ። በግርጌ ማስታወሻዎቹ ያለፉት ሰባት ዓመታት የእግር ጉዞ ፍሬ ይታያል፤ በዜና መዋዕሉ የተጠቀሰውን መንደር ዛሬ በየትኛው ካርታ ላይ እንደሚገኝ ያሳያል። በተጨማሪ ክፍሉም ለራሱ ወገን፣ ለኦዶኖቫኖች የዘር ሐረግ ረጅም ቦታ ሰጥቷል። የአየርላንድ ሮያል አካዳሚ በ1848 የከኒንገም ሜዳሊያ ሸለመው።

ረሃብና ስደት

እነዚህ መጻሕፍት እየታተሙ ሳሉ አገሪቱ እየባዶነች ነበር። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ በተከታዮቹ ዓመታት በረሃብና በወረርሽኝ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ቆጠራ ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዱት አየርላንድኛ የሚነገርባቸው የምዕራብና የደቡብ ገጠሮች ነበሩ። ኦዶኖቫን በ1830ዎቹ ስም የጠየቃቸው ሽማግሌዎች አገር ይህ ነበር።

ስደተኞቹ በመርከብ መዝገብና በደረሱበት ወደብ ስማቸው እንደ ተሰማ ተጻፈ። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ አጻጻፉን ማረም አልቻሉም። ልጆቻቸው አየርላንድኛን ሳይማሩ አደጉ። የኦዶኖቫን ደብተሮች የተሞሉት ከረሃቡ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ነው፤ ሥራው በአሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ በብዙ ስፍራ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘ ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ዝናው ገንዘብ አላመጣለትም። ኑሮውን ለመደገፍ ሕግ ተምሮ በ1847 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ ሙያው ግን ምሁርነት ሆኖ ቀረ። በ1849 በተከፈተው የቤልፋስት ክዊንስ ኮሌጅ የኬልት ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ ተማሪ እምብዛም አልነበረውም፤ ደመወዙም ትንሽ ነበር። ከ1852 ጀምሮ ከኦካሪ ጋር «ብሬሆን» የሚባሉትን ጥንታዊ የአየርላንድ ሕጎች የመገልበጥና የመተርጎም ሥራ ያዘ። በ1856 ያዕቆብ ግሪም በሰጠው ድጋፍ የፕሩስያ ሮያል አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ።

በዲሴምበር 1861 በቁርጥማት ትኩሳት በደብሊን ሞተና በግላስኔቪን መቃብር ተቀበረ። ኦካሪም በሚቀጥለው ዓመት ተከተለው፤ ሕጎቹ መታተም የጀመሩት ሁለቱም ካለፉ በኋላ በ1865 ነው። የኦዶኖቫን የመጨረሻ መጽሐፍ በ1862 ወጣ። ይህ መጽሐፍ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የአየርላንድን ነገዶች ከነመሬታቸው የቆጠሩ ሁለት ረጅም ግጥሞችን ይዟል፤ በመቅድሙም ስለ ቤተሰብ ስሞች የደረሰበትን ሰፋ አድርጎ አስፍሯል።

ከወንዶች ልጆቹ አንዳንዶቹ አየርላንድን ከእንግሊዝ ለማላቀቅ ወደ ታገለው የፌንያን ማኅበር ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ኤድመንድ የታወቀ የጦርነት ጋዜጠኛ ሆነ። እርሱም በ1883 በሱዳን ከጄኔራል ሂክስ ሠራዊት ጋር ሲጓዝ በኮርዶፋን ሠራዊቱ በማህዲስቶች በተደመሰሰበት ጊዜ ጠፋ።

ውርስና ክርክር

ከ1847 እስከ 1864 የወጣው የሪቻርድ ግሪፍዝ የመሬት ግምት መዝገብ የእያንዳንዱን ቤት ባለ ይዞታ በታውንላንድ ስም ሥር ዘረዘረ፤ ስሞቹም ኦዶኖቫን ያጠናቸው ነበሩ። በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት በደብሊን የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት በስተቀር ጠፉ። ከዚያ ወዲህ የረሃብ ዘመን አያቱን የሚፈልግ ሰው ዋና መመኪያው የግሪፍዝ መዝገብ ሆነ። መዝገቡን ለመጠቀም ደግሞ የታውንላንዱን ስም ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለ ስሞች በኋላ የጻፉትም የእርሱን መንገድ ተከትለዋል። ሮበርት ማቴሰን በ1894 የአየርላንድን የቤተሰብ ስሞች ስርጭት የሚያሳይ ሪፖርት አወጣ፤ ፓትሪክ ዉልፍ በ1923፣ ኤድዋርድ ማክላይሳት ከ1957 ጀምሮ ሰፋፊ መጻሕፍት አሳተሙ። ለስኮትላንድ ተመሳሳይ ሥራ የሠራው ጆርጅ ብላክ ሲሆን መጽሐፉ በ1946 ታተመ።

ወቀሳው የሚመጣው ከካርታው ነው። ብራያን ፍሪል በ1980 ያቀረበው «ትርጉሞች» የተባለው ተውኔት የካርታ ሥራው የአንድን መንደር ስሞች እንዴት እንደ ለወጠ ካሳየ በኋላ፣ ኦዶኖቫን የወራሪው አገልጋይ ነበረ ወይስ የጠፊው ቋንቋ አዳኝ የሚለው ክርክር ተጋግሏል። በካርታው ላይ የታተመው እንግሊዝኛው ብቻ መሆኑ እውነት ነው። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከእርሱ በፊት ለዘመናት ተጀምሮ እንደ ነበረና አየርላንድኛውን አብሮ የመዘገበው እርሱ መሆኑም እውነት ነው። ዛሬ የአየርላንድ መንግሥት የቦታ ስሞች ክፍል በመንገድ ምልክቶች ላይ የሚጻፈውን የአየርላንድኛ ስም ሲወስን ከሚያያቸው ምስክሮች አንዱ እነዚያው የስም መጽሐፎች ናቸው። በእያንዳንዱ ስም ሥር የድሮዎቹ አጻጻፎች፣ ሽማግሌዎቹ የጠሩበት አየርላንድኛና ወደ ካርታው ያለፈው እንግሊዝኛ አንድ ላይ ይነበባሉ።